የሦስት ደቂቃ ዝምታ፦ የሞርስ ቁልፍ በባሕር ላይ ታሪክና የአንድ ሬዲዮ ኦፊሰር ትዝታ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የትምህርት ክፍሉ በዚህ መድረክ እንድናገር ሲጋብዘኝ ጥቂት ቀናት አመንትቼ ነበር። እኔ የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም፤ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በንግድ መርከብ ላይ በሬዲዮ ኦፊሰርነት ነው። የጋበዙኝ መምህር ግን፣ «የተጻፈውን እኛ እናነባለን፤ እርስዎ ያልተጻፈውን ይንገሩን» አሉኝ። ይህን አደራ ተቀብዬ ነው የቆምኩት።

ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ይህ ትንሽ የናስ ዕቃ የሞርስ ቁልፍ ይባላል። በአንድ ጫፉ ክብ መያዣ አለው። ከሥሩ ሞላ አለ፤ ሁለት ማስተካከያ ብሎኖችም አሉት። ሲጫኑት ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ሲለቁት ይቋረጣል። ሥራው ይኸው ብቻ ነው። በዚህ ዕቃ የጭነት ውል ተዋውለናል፣ የአየር ትንበያ ተቀብለናል፣ ልደትና ሠርግ፣ ሕመምና ሞት ሰምተናል።

ስለዚህ ቁልፍ የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የእጅ ታሪክ ነው፤ ማን ፈለሰፈው፣ ማን ከሁሉ ፈጥኖ መታው፣ ማን መርከቡ እየሰመጠ ሳያቋርጥ መታው የሚል ነው። እኔ ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ቁልፉ በባሕር ላይ ካቆማቸው ሥርዓቶች ሁሉ ትልቁ የዝምታ ሥርዓት መሆኑን ነው። ዝምታውም ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው፣ ሌላውን ለመስማት ሲባል ዝም ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የሰሙትን ለሌላ አለመናገር ነው። እነዚህን ሁለቱን አንድ ጊዜ አምታትቼ በአንድ የመርከብ ባልደረባዬ ላይ በደል ፈጽሜአለሁ። እርሱንም በቦታው ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

የባሕር ደንቦችና ስምምነቶች ዓለም አቀፍ ስለሆኑ፣ በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነጥብ፣ ሰረዝና ባዶው ቦታ

ሳሙኤል ሞርስና ረዳቱ አልፍሬድ ቬይል በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል በተዘረጋው ሽቦ ላይ ዝነኛውን መልእክት ያስተላለፉት ግንቦት 24 ቀን 1844 ነው። እኛ በባሕር ላይ የተጠቀምንበት ፊደል ግን የሞርስ የመጀመሪያው ፊደል አልነበረም። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ጌርከ በ1848 አሻሽሎት፣ በ1865 ፓሪስ ላይ በተደረገው የቴሌግራፍ ስምምነት ዓለም አቀፍ የሆነው ነው። ሕጉ አጭር ነው። ነጥብ አንድ መስፈሪያ ጊዜ ትወስዳለች፤ ሰረዝ ሦስት ነጥብ ያህል ይረዝማል። በአንድ ፊደል ውስጥ ባሉ ምልክቶች መካከል አንድ መስፈሪያ ዝምታ አለ፤ በፊደልና በፊደል መካከል ሦስት፤ በቃልና በቃል መካከል ሰባት።

ልብ በሉ፤ ሕጉ ስለ ድምፁ ሁለት ነገር ሲናገር ስለ ዝምታው ሦስት ነገር ይናገራል። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን መርከበኞች የተለየ ትርጉም ነበረው። እያንዳንዱ አገር ለመርከቦቹ የተመደበለት የጥሪ ምልክት መነሻ አለው። የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክት በላቲን ፊደል ኢ እና ቲ ብሎ ይጀምራል። በሞርስ ኢ አንዲት ነጥብ ብቻ ናት፤ ቲ አንዲት ሰረዝ ብቻ ናት። ከፊደላቱ ሁሉ አጫጭሮቹ ሁለቱ ለእኛ ደርሰውናል ማለት ነው። ዳሩ ግን ነጥብና ሰረዝ ሳይለያዩ ከተመቱ ሌላ ፊደል ይሆናሉ፤ ኤ የሚባለው ፊደል ይሆናሉ። እጁ የቸኮለ ጀማሪ የአገሩን ምልክት ሲጠራ፣ ከማዶ የሚሰማው ሰው ኢትዮጵያን አያገኛትም። አሠልጣኛችን በመጀመሪያው ሳምንት፣ «አገራችሁ ያለችው በነጥቧና በሰረዟ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው፤ ክፍተቱን ከዋጣችሁት አገር የላችሁም» ይሉን ነበር። ያኔ እንስቅ ነበር። ዛሬ ወደብ አልባ በሆነች አገር ተቀምጬ ሳስታውሰው ሳቁ አይመጣልኝም።

ትምህርቱ በጆሮ ነበር። ነጥብና ሰረዙን በወረቀት አይቶ ያጠና ተማሪ ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ምልክቱን ቆጥሮ እስኪጨርስ ሦስት ፊደል ያመልጠዋል። የቆሎ ተማሪ ዜማውን ከመምህሩ አፍ እንደሚቀበል፣ እያንዳንዱን ፊደል እንደ አንድ ሙሉ ድምፅ መቀበል ነበረብን። ለሁለተኛ ደረጃ የሬዲዮ ቴሌግራፍ ምስክር ወረቀት በደቂቃ 20 ቃላት፣ ትርጉም በሌለው የተደባለቀ ፊደል ደግሞ በደቂቃ 16 ምድብ ያለ ስሕተት መላክና መቀበል ይጠበቅብናል። ለአንደኛ ደረጃ 25 እና 20 ነው። መላኩ በጥቂት ወራት ይለመዳል። መቀበሉ ግን ሰውን ይለውጣል። ጆሮ አንድ ጊዜ ከሠለጠነ በኋላ የቧንቧ ጠብታ፣ የበር ማንኳኳት፣ የዝናብ ቆርቆሮ ሁሉ ፊደል ለመሆን ይሞክራል።

እያንዳንዱ ሰው የራሱ አመታት አለው። ሰረዙን የሚያረዝም አለ፤ በቃሉ መጨረሻ ላይ የሚንደረደር አለ። ፊታቸውን ከቶ አይቼ የማላውቃቸውን ኦፊሰሮች በእጃቸው እለያቸው ነበር። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሌሊት አንድ እጅ ስሰማ፣ ስሙን ሳይነግረኝ፣ «ያ ሰውዬ ከዕረፍቱ ተመልሷል» እል ነበር።

የሰዓቱ ቀይ ክፍል

የመርከብ ሬዲዮ ክፍል ጠባብ ነው። አንድ ወንበር፣ አስተላላፊና ተቀባይ መሣሪያዎች፣ በባትሪ የሚሠራ የአደጋ ጊዜ መሣሪያ፣ ቁልፉ፣ የጆሮ ማዳመጫው፣ መዝገቡ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ሰዓት። ያ ሰዓት ከሌሎች ሰዓቶች የሚለይበት ነገር አለው። ፊቱ ላይ ከ15ኛው እስከ 18ኛው፣ እንዲሁም ከ45ኛው እስከ 48ኛው ደቂቃ ድረስ ያለው ቦታ በቀይ ቀለም ተቀብቷል። የደቂቃው ቆጣሪ ቀዩ ውስጥ ሲገባ፣ በዓለም ባሕሮች ላይ ያለ ማንኛውም ጣቢያ በ500 ኪሎ ኸርትዝ ሞገድ ላይ መላኩን ያቆማል። ይህ ሞገድ የጋራ መጥሪያና የአደጋ ሞገድ ነበር። ሦስት ደቂቃ ሁሉም ዝም ይላል፤ ሁሉም ያዳምጣል። በሰዓት ሁለት ጊዜ፣ በቀን 48 ጊዜ።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? ሥሩ የሚገኘው ጩኸት በበዛበት ዘመን ውስጥ ነው። በ1906 በርሊን ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ቴሌግራፍ ስምምነት ሦስት ነጥብ፣ ሦስት ሰረዝ፣ ሦስት ነጥብ የሆነውን የአደጋ ምልክት ደነገገ፤ ከሐምሌ 1908 ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ። ምልክቱ ነበረ፤ የሚሰማው ሰው መኖሩን ግን ያረጋገጠ ሕግ ገና አልነበረም።

ሚያዝያ 14 ቀን 1912 ሌሊት የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ግን ከሬዲዮ ክፍሉ በር ቆሜ ልንገራችሁ። የታይታኒክ ከፍተኛ ኦፕሬተር ጃክ ፊሊፕስ መሣሪያው ቀደም ብሎ ተበላሽቶ ስለነበር የተጠራቀመ የመንገደኞች ቴሌግራም ነበረበት። ቴሌግራሞቹን ኬፕ ሬስ ወደሚባለው የካናዳ የባሕር ዳርቻ ጣቢያ እየላከ ሳለ፣ በአቅራቢያው የነበረችው የካሊፎርኒያን መርከብ ኦፕሬተር ሲሪል ኢቫንስ በበረዶ ተከብበን ቆመናል ሲል አቋረጠው። ቅርብ ስለነበረ ድምፁ የፊሊፕስን ጆሮ ደነቆረው። ፊሊፕስም ዝም በል፣ ሥራ ላይ ነኝ ብሎ መለሰለት። ኢቫንስ በመርከቡ ላይ ብቸኛው ኦፕሬተር ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ፣ ጥቂት አዳምጦ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። ታይታኒክ የበረዶውን ተራራ የገጨችው ከዚያ በኋላ ወዲያው፣ ከእኩለ ሌሊት 20 ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ጥሪውን የሰማችው ካርፓቲያ 58 ማይል ያህል ርቃ ነበር። የእርሷም ኦፕሬተር ሃሮልድ ኮታም ልብሱን እያወለቀ፣ ማዳመጫውን ከጆሮው ሳያነሣ በመቆየቱ ነው የሰማው። ከ700 በላይ ሰዎች በእርሷ ተረፉ፤ ከ1,500 በላይ ሞቱ። ፊሊፕስም ከሞቱት አንዱ ነው። እስከ መጨረሻው ቁልፉ ላይ ነበር።

ታሪክ ጸሐፊዎች ፊሊፕስን በጀግንነቱ ያነሡታል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ተማሪዎች ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ እንዲያዩ እፈልጋለሁ። አንዱ ኦፕሬተር ሲልክ ሳለ መስማት አልቻለም። ሌላው መስማት ሲገባው ተኝቷል፤ በዚያን ጊዜ ግን ተነሥተህ አዳምጥ የሚል ሕግ አልነበረበትም። ስለዚህ ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ መጫን ያስቸግራል። ጥፋቱ ማዳመጥን ሥራ አድርጎ ባልቆጠረ ሥርዓት ላይ ነው። ከ1914 ጀምሮ የተፈረሙት የባሕር ደኅንነት ስምምነቶች ያረሙት ይህንን ነው። የማያቋርጥ ተረኛነት፣ የተወሰነ የአገልግሎት ሰዓት፣ የዝምታ ደቂቃዎች፣ ከዚያም ኦፕሬተሩ በሚያርፍበት ጊዜ የሚያዳምጥ የደወል መሣሪያ ተከታትለው መጡ። ያ መሣሪያ እያንዳንዳቸው አራት ሴኮንድ የሚረዝሙ፣ በአንድ ሴኮንድ የሚለያዩ 12 ሰረዞችን ይጠብቃል፤ ከእነዚህ ጥቂቶቹን በተከታታይ ከሰማ ደወሉን ይመታል። በሞቃት ባሕር ላይ ግን መብረቅ ያታልለዋል። ስንት ሌሊት በባዶ ደወል ከአልጋዬ እንደ ዘለልኩ እግዚአብሔር ያውቃል። አንድም ጊዜ ግን ሳላዳምጥ አጥፍቼው አልተመለስኩም።

ሦስቱን ደቂቃዎች እንዴት ልግለጻቸው? 45ኛው ደቂቃ ከመድረሱ በፊት ሞገዱ እንደ ገበያ ነው። አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሌላው ያቋርጣል። ከዚያ ቆጣሪው ቀዩን ሲነካ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። የሚቀረው የሰማዩ ሹክሹክታ ብቻ ነው። የምታዳምጠው ደካማውን ነው፤ ባትሪው ያለቀበትን፣ አንቴናው የወደቀበትን፣ ጩኸቱ ከገበያው በላይ ሊሰማ የማይችለውን። በሥራ ዘመኔ በዝምታው ውስጥ የአደጋ ጥሪ የሰማሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ከእኔ የቀረቡ መርከቦች ነበሩና የእኔ ድርሻ ዝም ማለትና መመዝገብ ብቻ ሆነ። የቀሩት በሺህ የሚቆጠሩ ደቂቃዎች ምንም አልነበረባቸውም። ያ «ምንም» ግን በሰዓቱ፣ በቀኑና በፊርማዬ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ኢትዮጵያ በባሕር ላይ፣ አማርኛ በላቲን ፊደል

ከ1952 ፌዴሬሽን በኋላ ኢትዮጵያ የባሕር በር ስታገኝ፣ በ1955 የባሕር ኃይል ተመሠረተ፤ መሥሪያ ቤቱም ምጽዋ ነበር። የኖርዌይ መኮንኖች በማደራጀቱና በማሠልጠኑ ረድተዋል። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ደግሞ በ1964 ተቋቁሞ፣ በ1966 በሁለት የጭነት መርከቦችና በአንዲት የነዳጅ መርከብ ሥራውን ጀመረ። ስማቸውም ንግሥተ ሳባ፣ የይሁዳ አንበሳና ላሊበላ ነበር። ደጋ ላይ ተወልደው፣ ባሕር ያዩት ካደጉ በኋላ የሆኑ ወጣቶች መርከበኞች ሆኑ። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ።

በዓመቱ፣ በሰኔ 1967፣ የስዊዝ ካናል ተዘጋ፤ እስከ ሰኔ 1975 ድረስም እንደ ተዘጋ ቆየ። ከአሰብ ወይም ከምጽዋ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ጭነት አፍሪካን በሙሉ በደቡብ ዞሮ መሄድ ግድ ሆነበት። መንገዱ በሳምንታት ረዘመ። ሰው ከቤተ ሰቡ ጋር የሚገናኝበት ወደብም ራቀ። በዚያን ዘመን በመርከቡ ላይ ላለው ሰው ሁሉ ከቤት የሚመጣ ቃል የሚገባባት በር አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርሷም የእኔ ማዳመጫ ነበረች። መርከበኞቹ ስሜን ትተው «ማርኮኒ» ይሉኝ ነበር። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ትልልቆቹ የባሕር ዳርቻ ጣቢያዎች ቴሌግራም ያላቸውን መርከቦች የጥሪ ምልክት ዝርዝር በአጭር ሞገድ ይልካሉ። የእኛ ምልክት ሲጠራ ከመተላለፊያው የሚያዩኝ ሰዎች ከፊቴ ያነቡታል፤ «ማርኮኒ፣ ለማን ነው?» ይላሉ።

እዚህ ላይ ለቋንቋ ተማሪዎች የሚሆን አንድ ጉዳይ አለ። የባሕር ቴሌግራም የሚመታው በላቲን ፊደል ነው። አማርኛው ሁሉ በ26 ፊደል መጻፍ ነበረበት። የላቲኑ ፊደል ጠን ከተ፣ ጸን ከሰ፣ ቀን ከከ በትክክል አይለይም። «መጣሁ» እና «መታሁ» በቴሌግራም አንድ ናቸው፤ «ጠፋ» እና «ተፋ» አንድ ናቸው። በዚያ ላይ ክፍያው በቃል ቁጥር ስለሆነ ሰዎች አጣፊውን፣ አያያዡን፣ «እንደምን ከረምክ»ን ሁሉ ይቆርጡታል። አማርኛ ብዙ ነገር በአነጋገር ለዛ የሚለይ ቋንቋ ነው። ቴሌግራሙ ለዛውን ያስቀርና አጥንቱን ይልካል። ሥጋውን የሚያለብሰው ተቀባዩ ነው።

«ገብተው አረፉ»

አሁን ወደ ሁለተኛው ዝምታ ልምጣ። ምስክር ወረቀት የያዘ ሬዲዮ ኦፊሰር ሁሉ የመልእክትን ምስጢር የመጠበቅ ዓለም አቀፍ ግዴታ አለበት። የምትሰማውን ሁሉ ትሰማለህ፤ ለባለቤቱ ካልሆነ በቀር ለማንም አትናገርም። ጸሐፊ አይደለህም፣ ተርጓሚም አይደለህም። የመጣውን ፊደል በሙሉ ጽፈህ፣ የቃላቱን ቁጥር አመሳክረህ፣ በፖስታ አሽገህ ለባለቤቱ ትሰጣለህ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። በመርከብ ላይ ይህ አባባል በቁሙ እውነት ነው፤ የሰውየውን ጉዳይ ከእርሱ በፊት የምሰማው እኔ ነኝ። ደንቡም የተሠራው ይህ ባዳነት ሥልጣን እንዳይሆን ለመከልከል ነው።

ካናሉ ከመከፈቱ አንድ ዓመት ገደማ በፊት፣ አሰብን ለቀን በደቡብ በኩል ወደ አውሮፓ በመጓዝ ላይ ሳለን፣ በሞተር ክፍል ውስጥ ለሚሠራ አንድ ባልደረባችን ቴሌግራም መጣ። የወሎ ሰው ነው፤ ከእኔ በጥቂት ዓመታት ይበልጣል። በአድራሻውና በእኅቱ ስም መካከል ያለው ቃል ይህ ብቻ ነበር፦ «አባባ አዲስ አበባ ገብተው አረፉ።»

እናንተም አሁን እንዳደረጋችሁት፣ እኔም መጨረሻዋ ቃል ላይ ቆምኩ። ሽማግሌ ሰው «አረፉ» ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ ማን ኢትዮጵያዊ ይስተዋል? ታመው ለሕክምና ገብተው ሞቱ አልኩ በልቤ። ዳሩ ግን እንግዳም ቤት ገብቶ ያርፋል፤ መንገደኛም ያርፋል። ጣቢያውን እንደገና እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። ያው ቃል ነው። የቃላቱ ቁጥር ትክክል ነው።

በደንቡ መሠረት የቀረኝ ሥራ ማሸግና መስጠት ነበር። እኔ ግን ያደግሁት መርዶ በወረቀት በማይሰጥበት አገር ነው። መርዶ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ወዳጆቹ ዙሪያውን ከበውት ይነገራል። ለሞተር ክፍል ሰው ሙቀትና ጫጫታ ውስጥ ቆሞ ሳለ ወረቀት ማቀበል ነውር መሰለኝ። የመርከበኞቹን አለቃ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸውን የምጽዋ ሰው ጠርቼ ቃሉን አነበብኩላቸው። ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው፤ ምስጢሩን አወጣሁ። እርሳቸውም ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «እርግጡን ሳናውቅ ሰው አናስለቅስ፤ ጠይቅ» አሉኝ። ቃሉ ከተነሣበት ቢሮ እንዲጣራ የአገልግሎት መልእክት ላክሁ። እስኪመለስም ቴሌግራሙን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ይህ ሁለተኛው ነው።

መልሱ በሁለተኛው ቀን ማታ መጣ። «ቃሉ እንደ ተላከው ትክክል ነው» ይላል። ያኔ ነው የሥራዬን ወሰን ያየሁት። የሞርስ ሥርዓት ፊደሉን ከውቅያኖስ ማዶ አንድ ሳያጎድል ሊያደርስልኝ ይችላል፤ ፊደሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ግን ሊያረጋግጥልኝ አይችልም። እንዲህ ዓይነት ማረጋገጫ ከደንቡም፣ ከመሣሪያውም፣ ከእኔም ዘንድ አልነበረም።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጋሼ፣ ወጥ ቤቱና እኔ ሆነን ወደ ክፍሉ ሄድን። ገና በሩን ስንከፍት ሦስታችንን ባንድነት ሲያየን ገባው፤ ከአልጋው ተነሥቶ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ጋሼ፣ «ወረቀቱን ራሱ ያንብብ» አሉ። ሰጠሁት። አነበበ። እንደገና አነበበ። ከዚያም ቀና ብሎ፣ «ምን ሆናችሁ? አባቴ እኮ ለዓይናቸው ሐኪም ዘንድ ሊመጡ ነበር፤ እኅቴ ቤት ገብተው አረፉ ነው የምትለኝ» አለን።

መጀመሪያ ሁላችንም ሳቅን። ጋሼ አቅፈው ሳሙት። ከዚያ ዓይኑ ወደ ቅጹ ግርጌ ወረደ፤ የተቀበልኩበት ቀንና ሰዓት በራሴ እጅ ተጽፏል። «ማርኮኒ፣ ይህ እኮ የሦስት ቀን ነው» አለኝ። ነገሩን አስረዳሁት። በቁጣ አልተናገረኝም። «አባቴ ከተማ የሚቆዩት እስከ እሑድ ነበር» ብቻ አለ። አባቱ ከወሎ ገጠር በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቴሌግራም ሊደርሳቸው በሚችል ቤት ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ እርሱም ቃል ሊልክላቸው አስቦ ነበር። በዚያው ጠዋት ሳላስከፍለው መታሁለት። ሲደርስ አባትየው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። እኛ አሰብ ከመመለሳችን በፊት ደግሞ አረፉ፤ በዚህኛው ጊዜ የቃሉ ትርጉም አላጠራጠረንም። ያንን ቴሌግራም በደረሰኝ በሩብ ሰዓት ውስጥ ለጋሼ ሳላሳይ ወስጄ በእጁ ሰጠሁት። እርሱም ተቀብሎ፣ «አመሰግናለሁ» አለኝ። ከዚያ በኋላ አብረን ብዙ ዓመት ሠርተናል፤ ያን ነገር አንሥቶብኝ አያውቅም።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አስቤአለሁ። ልቤ ክፉ አላሰበም፤ ባሕላችንም ከእኔ ጋር ነበረ። ነገር ግን ለመስማት የተሰጠኝን ዝምታ ለመፍረድ ተጠቀምኩበት። መልእክቱን መረዳት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም ከእኔ 30 እርምጃ ርቆ፣ ከወለሉ በታች፣ ሞተሩን ዘይት እየቀባ ነበር። ውቅያኖስ ማዶ ጠየቅሁ፤ እርሱን ግን አልጠየቅሁም።

መዝገቡና የታሪክ ጸሐፊው

የዚህ ሥርዓት ፍጻሜ ቀስ በቀስ መጣ። በሳተላይትና በአውቶማቲክ መሣሪያ የሚሠራው አዲሱ ዓለም አቀፍ የባሕር አደጋ ግንኙነት ሥርዓት ከ1992 ጀምሮ በደረጃ ተተክቶ፣ የካቲት 1 ቀን 1999 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ቀደም ብሎ፣ ጥር 31 ቀን 1997፣ ሞርስን ሲያቆም ለሁሉም ባሰማው የመጨረሻ ጥሪ ይህ ከዘለዓለማዊ ዝምታችን በፊት የምናሰማው የመጨረሻ ጩኸት ነው ብሎ ተሰናበተ። በዓለም ላይ እጅግ ከሚበዛባቸው ጣቢያዎች አንዱ የነበረው የእንግሊዙ ፖርቲስሄድ ሬዲዮ በ2000 ተዘጋ። የሬዲዮ ኦፊሰር የሚባል ሙያም ከመርከብ ላይ ወረደ።

አዲሱን ሥርዓት የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ አንድ መርከብ ሲሰምጥ መሣሪያው ራሱ ቦታውን ለሳተላይት ይናገራል፤ ኦፕሬተሩ ተኝቶ ነበር አልተኛም ነበር አያሰኝም። ይህ ለካሊፎርኒያኑ ኢቫንስም፣ ለእኔም ዕረፍት ነው። የጠፋው ነገር ግን አለ፤ በሰዓት ሁለት ጊዜ በዓለም ያለ መርከብ ሁሉ ለደካማው ድምፅ ሲል ሥራውን የሚያቆምበት ልማድ ጠፍቷል።

ለታሪክ ተማሪዎች የምተወው አንድ ነገር ነው። በየመርከቡ የሬዲዮ መዝገብ ይያዝ ነበር። የእኛም መርከቦች ይይዙ ነበር፤ የጣቢያ ስም፣ ሰዓት፣ ሞገድ፣ የተላከና የተቀበሉት ቁጥር። እንዲህ ያሉ መዝገቦችን የሚያገኝ ተመራማሪ መጀመሪያ የሚፈልገው ትልቁን ወሬ ነው፤ ጦርነቱን፣ አብዮቱን፣ አደጋውን። እነዚያን አንብቧቸው። ነገር ግን በየገጹ እየተደጋገመ የሚያሰለቸውን መሥመር አትዝለሉት፦ «የዝምታ ጊዜ ተጠብቋል፤ የተሰማ የለም።» ይህ መሥመር ባዶ አይደለም። በዚያች ደቂቃ አንድ ሰው ነቅቶ እንደ ነበረ፣ አፉን ዘግቶ ጆሮውን እንደ ከፈተ፣ የሰማውንም አለመኖሩን በፊርማው እንዳረጋገጠ የሚመሰክር ሰነድ ነው። ከማኅደር ውስጥ ዝምታ ስታገኙ የተረሳ ነው ወይስ የተጠበቀ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

የእኔንም መዝገብ የሚያገኝ ካለ፣ በዚያ ጉዞ ላይ፣ ከሌላው ሁሉ ንጹሕ ከሆነው ገጽ መካከል፣ አንድ ቴሌግራም የተቀበልኩበትና ያስረከብኩበት ሰዓት የማይቀራረብበት መሥመር ያገኛል። ምክንያቱን አልጻፍኩም ነበር። ዛሬ እዚህ በተናገርኩት ቃል ያ መሥመር ተሟልቶ ይመዝገብልኝ።